ከአብርሃም ድንኳን በስተጓሮ

የዓረብ አገር ሲባል ወደ ኢትዮጵያዊው ልቡና ቀድመው የሚመጡት ለሙስሊሙ መካና መዲና፣ ለእንጀራ ፈላጊው ደግሞ ጅዳና ሪያድ ናቸው፤ በምሥራቁ ጠረፍ፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳር ተያይዘው የተቀመጡት ደማም፣ ኾበርና ዳህራን ግን ስማቸው የሚነሣው አንድም ስለ ነዳጅ ሲወራ፣ አንድም ከዘመድ ወገን አንዲት ልጅ ወደዚያ ኮንትራት የሄደች እንደ ሆነ ነው። እነዚህ ከተሞች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሥራ እንጂ የሽርሽር አገር ተብለው አያውቁም፤ ከአሜሪካ የመጣው መሐንዲስም ሆነ ከሕንድና ከፊሊፒንስ የመጣው ሠራተኛ የገባባቸው ደመወዙን ቆጥሮ ለመመለስ ነበር። አሁን ግን ፊታቸውን ወደ ጎብኚ መልሰው፣ ባሕር ዳራቸውን አሳምረው፣ ሆቴላቸውን አብዝተው «ኑ፣ ግቡ» እያሉ ነው። ከተማ ደጁን በከፈተ ጊዜ ደግሞ ሃይማኖት ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቀው የኖረው ጥያቄ አብሮ ይነሣል፦ እንግዳ ማን ነው? ተቀባይ ለመባል የሚበቃውስ ማን ነው?

የከተሞቹ የዛሬ መልክ ዕድሜው ከአንድ ሽማግሌ ዕድሜ ብዙ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ1923 ከባሕሬን ደሴት ተነሥተው የመጡ የደዋስር ነገድ ሰዎች በደማምና በኾበር ዳርቻ ሰፍረው፣ ዓሣ እያጠመዱና እየጠለቁ ሉል እያወጡ ይኖሩ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1933፣ የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ከንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ መንግሥት ዘንድ ነዳጅ የመፈለግ ውል ተቀበለ፤ ብዙ ተቆፍሮና ብዙ ተስፋ ተቆርጦ በማርች 1938 ሰባተኛው የደማም ጉድጓድ ለገበያ የሚበቃ ዘይት አፈለቀ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የጂኦሎጂው ሊቅ የማክስ ስታይኔኪ ስም ጎልቶ ይነገራል፤ ነገር ግን ኻሚስ ቢን ሪምሳን የተባለው የበረሃ ሰው እየመራ ውሃውንና መንገዱን ባያሳየው ኖሮ፣ ሊቁ በአሸዋው መካከል ከነመሣሪያው በቀረ ነበር። እንዲህ ከሆነ የዚህ አገር ሀብት መጀመሪያው መጻተኛን ተቀብሎ መንገድ ማሳየት ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዘይቱን ለማውጣት የመጣው እንግዳ ከባላገሩ ቤት አላደረም። በዳህራን አጥር አጥሮ፣ የአገሩን ቤትና የአገሩን ሣር ተክሎ፣ የገዛ አገሩን ይዞ ተቀመጠ። ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሰው የውጭውን ሰው በአጥር ፍንጭት አየው፤ የውጭውም ሰው ባላገሩን እንዲሁ። ከዚያም የኾበር ስም በዓለም ወሬ ላይ በክፉ የተጠራበት ዘመን መጣ፤ በጁን 1996 ኾበር ታወርስ በተባለው ማደሪያ ላይ በደረሰው ፍንዳታ 19 የአሜሪካ አየር ኃይል ወታደሮች ሞቱ፣ በሜይ 2004 ደግሞ ታጣቂዎች ከነዳጅ መሥሪያ ቤቶች ጀምረው ኦኤሲስ ወደተባለው የውጭ ሰዎች መኖሪያ ግቢ በመግባት በጠቅላላው 22 ሰዎች ገደሉ። ሁለቱም የመከራ ወሬዎች የማደሪያ ወሬዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል። እንግዳ ተቀባይነቱ በግጥም ሲወደስ የኖረ ሕዝብ ባለበት አገር፣ የከተማይቱን ስም ያጠፋው እንግዳ ባደረበት ቤት የፈሰሰው ደም ነበር።

የዛሬው ለውጥ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በ2016 «ራእይ 2030» የተባለው ዕቅድ ታወጀ፤ በ2018 ያ ሰባተኛው ጉድጓድ ካለበት ስፍራ አጠገብ ኢትራ የተባለው ታላቅ የባህል ማዕከል ለሕዝብ ተከፈተ፣ የዓረብ ሊግ መሪዎችም በዚያው ዓመት ተሰበሰቡበት። በሴፕቴምበር 2019 የ49 አገሮች ሰዎች ለጉብኝት ብቻ ቪዛ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ ሴት ብቻዋን ሆቴል እንድትይዝ፣ ከውጭ የመጡ ወንድና ሴትም የጋብቻ ወረቀት ሳይጠየቁ በአንድ ክፍል እንዲያድሩ ሕጉ ተሻሻለ። በቀድሞው ደንብ የእንግዳ ማረፊያው ጸሐፊ ከቁልፉ አስቀድሞ የቤተሰብ ማስረጃ ይጠይቅ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ የአንድ ወር ትእዛዝ ምን ያህል ዘመን እንደ ተሻገረ ያውቃል። ኾበር በ2034 ከሚደረገው የዓለም ዋንጫ አስተናጋጆች አንዷ ናት፤ ስታዲየሟም በመሠራት ላይ ነው። ስታዲየሙን የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ግን ከማስታወቂያው ሥዕል ላይ ማንበብ አይቻልም።

ጎብኚው የሚያየው እርግጥ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተመረቀውና ኾበርን ከባሕሬን የሚያገናኘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ድልድይ ሐሙስ ማታ በመኪና ይጨናነቃል፤ ድሮ ሁሉም የሚጓዘው ወደዚያ ማዶ ነበር፣ አሁን ወደዚህም የሚመጣ አለ። ከሪያድ የመጣው ቤተሰብ በስተደቡብ ባለው በግማሽ ጨረቃ ባሕር ዳር ድንኳን ይተክላል፣ ወይም በየመንደሩ የበዛውንና ሹቃ የሚባለውን ዕቃው የተሟላ የኪራይ ቤት በቀን ይከራያል።

እንግዲህ መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው፣ በገንዘብ የሚሸጥ መስተንግዶ መስተንግዶ ነው ወይ የሚለው ነው። በእኛ አገር የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኑን ሲናገር፣ ባለቤቱ ቤት የእግዚአብሔር መሆኑን መልሶለት ያስገባዋል፤ በዚህ ንግግር ውስጥ ሁለቱም ሰዎች እንግዶች ሆነው ባለቤቱ አንድ እግዚአብሔር ብቻ ይሆናል። የበሰለ ምግብን በገንዘብ መሸጥ ነውር ሆኖ በኖረበት አገር፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን አፍረው እንደ ነበርና፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በልተው በመክፈል እንዳስለመዷቸው እስከ ዛሬ ይተረካል። እኔ ግን ገንዘብን በዚህ ነገር ዋና ጥፋተኛ ለማድረግ አልቸኩልም። በወንጌል ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር እንደ ከፈለ ተጽፏል፤ መተርጉማንም ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱን ዲናር በብሉይና በሐዲስ መስለው ሲተረጉሙ፣ የማደሪያው ባለቤት ተከፍሎት ማስታመሙን ነቀፋ አላደረጉበትም። ከዚያም በላይ፣ የሚከፍል እንግዳ ውለታ የለበትም፤ ተቀባዩን ለማስደሰት ሲል መሳቅ፣ ያልወደደውን ወደድሁ ማለት አይገባውም። የሆቴል ቁልፍ ለድኃ ወዳጅ ከዘመድ ቤት ይልቅ የሚያሳርፍበት ጊዜ አለ፤ በዘመድ ቤት ሰንብቶ የሚያውቅ ይመሰክራል።

የዓረቡ ሥርዓትም በዚህ ረገድ ከእኛው ጋር ወንድማማች ነው። በእስልምና ትምህርት የእንግዳ መብቱ ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ያለፈው ምጽዋት ሆኖ ይቆጠራል። እኛም እንግዳን በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ብለን ውሎ ሲያድር ወደ ብርና ወደ ብረት የምናወርድ ሕዝብ ነንና አንደነቅበትም። ቡናቸውን ለተመለከተ ደግሞ ይህ ወንድማማችነት ይበልጥ ይታያል። ለእንግዳ የሚቀርበው ቡና ፈዘዝ ያለ፣ ሄል የገባበት፣ ከተምር ጋር የሚጠጣ ነው፤ አስተናጋጁ ጀበናውን በግራ፣ ስኒውን በቀኝ ይዞ ይቀርብና ከስኒው ሥር ጥቂት ብቻ ይቀዳል፣ እንግዳው በቃኝ ሲል ስኒውን በጣቶቹ ነቅነቅ አድርጎ ይመልሳል። ሙሉ አድርጎ መቅዳት «ጠጥተህ ሂድ» እንደ ማለት ይቆጠራል፤ በእኛ ዘንድ ግን ስኒው ጢም ብሎ ካልፈሰሰ የቀጂዋ እጅ ይታማል። ከሐረር ተራሮች የወረደው ፍሬም በዚያው ጀበና ውስጥ አለ፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ናትና። ቡናው ከእኛ ሄዷል፤ የምትቆላውና የምታጥበው እጅም ብዙ ጊዜ ከእኛ የሄደች ናት።

ነገሩን ወደ ሥሩ ለመመለስ ለሁለቱም ሃይማኖት አባት ወደ ሆነው ወደ አብርሃም መሄድ ይገባል። በኦሪት ዘፍጥረት፣ በመምሬ ዛፍ ሥር፣ በቀትር ጊዜ ሦስት ሰዎች ወደ ድንኳኑ መጡ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሥላሴ ከአብርሃም ቤት የገቡበትን ይህን ቀን ሐምሌ 7 ታከብረዋለች። ቁርኣንም ኢብራሂም ለእንግዶቹ የተጠበሰ ወይፈን እንዳቀረበ ይተርካል፣ ሙስሊሞችም የእንግዶች አባት ይሉታል። አባቶቻችን በትረካቸው እንደሚጨምሩበት፣ ሰይጣን በቅንዓት ተነሥቶ ራሱን ፈንክቶ ከመንታ መንገድ ላይ ተቀመጠና፣ አብርሃም የዱሮው አብርሃም አይምሰላችሁ፣ እንግዳ ይደበድባል እያለ መንገደኛውን ሁሉ መለሰበት፤ አብርሃምም ያለ እንግዳ አልበላም ብሎ ሦስት ቀን ጦሙን ሰነበተ። ይህ ትረካ የከተማ መልካም ስምና ክፉ ስም ምን ያህል በመንገድ ዳር ወሬ ላይ እንደ ቆመ ከማንኛውም የማስታወቂያ ሊቅ ቀድሞ አስተውሏል።

ነገር ግን የዚያን ቀን ምሳ ማን እንደ ሠራው እንጠይቅ። አብርሃም ሮጠ ይባላል፤ እንግዶቹን ከተቀበለ በኋላ የሮጠው ግን ሌሎችን ለማዘዝ ነው። ሣራ ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለውሳ ጋገረች፤ ወይፈኑንም ለብላቴናው ሰጠውና ብላቴናው ሊያዘጋጅ ቸኮለ። የዚህን ብላቴና ስም መጽሐፉ አልጻፈውም። በሥዕሎቻችንም ሦስቱ እንግዶች ተቀምጠው፣ አብርሃም ቆሞ ሲያገለግል ይታያል፣ ሣራም አልፎ አልፎ ከድንኳኑ ብቅ ትላለች፤ ብላቴናውን የሣለ ሰዓሊ እኔ አላጋጠመኝም።

በኾበር ኮርኒሽ፣ በባሕር ዳሩ መናፈሻ፣ አርብ ማታ ያ ብላቴና ይታያል። ሙቀቱ በረድ ሲል ቤተሰቡ ይመጣና ከሣሩ ላይ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ የሻይ ፔርሙስ፣ ተምር፣ የተላጠ ፍራፍሬ በዕቃ ይደረደራል፣ አባት ጋደም ይላል፣ እናትና እህትማማቾች ወግ ይይዛሉ። ከምንጣፉ ጠርዝ ላይ፣ ግማሽ ሰውነቷ በምንጣፉ፣ ግማሹ በሣሩ ሆኖ፣ ሕፃን ያቀፈች ወይም ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት ትኖራለች፤ ፊቷን ስታዞር አበሻ መሆኗን ታውቃለህ። ቤተሰቡ ክፉ ነው አልልም፤ ከፍራፍሬው ቆርሰው ሲያጎርሷት፣ ልጆቹም አንገቷን አቅፈው ሲስሟት አይቻለሁ። የተቀመጠችበት ስፍራ ግን ከቶ አይለወጥም፤ ጠርዙ ላይ ናት።

አንድ ጊዜ በዚያው ከተማ ካረፍሁበት ሹቃ ደጃፍ ላይ መተላለፊያውን የምትወለውል አንዲት ልጅ በስልክ ስነጋገር ሰማችኝና መወልወያዋን ወደ ግድግዳው አስደግፋ «አበሻ ነህ እንዴ ወንድሜ?» አለችኝ። ከወሎ በኩል የመጣች ናት፤ ከየትኛው ወረዳ እንደ ሆንሁ፣ እናት አባት እንዳለኝ፣ ልጆች እንዳሉኝ እንደ አገራችን ደንብ በተራ ጠየቀችኝ። በመጨረሻም እያፈረች «ቤት ቢኖረኝ እኮ ቡና አፈላልህ ነበር» አለች። ያን ቀን ጧት ከዐሥር የማያንስ ክፍል አጽድታ፣ አንሶላ አንጥፋ፣ ውሃና ተምር ለእንግዳ አዘጋጅታ ነበር፤ እርሷ ግን የአገሯን ሰው አንድ ስኒ ቡና የምታጠጣበት አንድ ክንድ መሬት አልነበራትም።

እኔ ከዚህ ንግግር ወዲህ የእንግዳ ተቀባይነትን ጥያቄ ከቀድሞው በተለየ መንገድ ማየት ጀመርሁ። ሊቃውንት ስለ መጻተኛ ሲጽፉ የሚያዝኑለት ማደሪያ ስላጣ ነው፤ ይህ ኀዘን ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ማደሪያ ያጣ ሰው ሌላው ቢያስገባው ችግሩ በአንድ ሌሊት ይቃለላል። ማንንም ማስገባት የማይችል ሰው ችግር ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ጣራ አለው፣ ምግብ አለው፣ አልጋም አለው፣ ነገር ግን «ግባ» የሚልበት ደጅ የለውም። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጠረ ማለት ከብዙ ነገር አንዱ መስጠት ይችላል ማለት ከሆነ፣ ሌላውን ሰው ተቀብሎ የማሳረፍ ሥልጣን የተነፈገ ሰው ከዚያ አርአያ አንድ ነገር ተሸፍኖበታል። በኢቃማው (በመኖሪያ ፈቃዱ) እና በከፊሉ (በዋሱ) ሥርዓት የሚኖረው ሠራተኛ በሕጉ አነጋገር የአንድ ሰው ኀላፊነት ነው፤ ስለ እርሱ ሌላው ዋስ ይሆናል፣ ሌላው ይጠየቃል። እንግዳ እንዳይባል ከሦስት ቀን እጅግ አልፏል፣ ቤተኛ እንዳይባል ደግሞ በማናቸውም ቀን ሊሰናበት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊመጣብኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቤት አልባነትን የሚያመሰግን ሃይማኖት እያለን ቤት በማጣት ለምን እናዝናለን ይባል ይሆናል። ተቃውሞው የቆመበት ምስክር ደግሞ ከዚሁ ጠረፍ የተገኘ ነው። በገዳማቶቻችን ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆኖ የሚነበበውና የሚተረጐመው የማር ይስሐቅ መጽሐፍ ደራሲ፣ ቤት ቀጥራዬ ይባል በነበረው በዚህ በባሕረ ሰላጤው ምዕራብ ዳርቻ በሰባተኛው መቶ ዓመት የተወለደ ነው። በዚያን ጊዜ በዚህ ዳርቻ ብዙ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ከደማም በስተሰሜን ባለችው በታሩት ደሴት፣ በዳሪን፣ ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ676 ሲኖዶስ ሰብስቦ ነበር፣ በጁበይልም አጠገብ በ1986 የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ተገኝቷል። ዛሬ የአደባባይ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት በዚህ አገር፣ በአሠሪዎቿ ማድ ቤት ሆና በስልኳ ጸሎት የምታዳምጥ ልጅ፣ የንስሐ አባቷ የተማሩበት መጽሐፍ ደራሲ ከእርሷ ብዙም ሳይርቅ እንደ ተወለደ አታውቅም።

ማር ይስሐቅ የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ በአምስት ወሩ ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ ሄደ፤ ቤትንም መንበርንም ተወ። እውነት ነው፣ መነነ፤ ነገር ግን የተወው የነበረውን ነው። በፈቃድ የተተወና በግድ የተወሰደ በመልክ ይመሳሰሉ እንጂ በዋጋ አይገናኙም፤ መያዙ በሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈባትን ልጅ «ምናኔ ላይ ነሽ» ብሎ ማጽናናት በቅዱሳን ስም መቀለድ ነው። ደግሞም የበረሃ አባቶች እንግዳ ሲመጣባቸው ጾማቸውን እንኳ ገትተው አብረውት እንደ ቆረሱ ተጽፏል፤ ሁሉን የተወ መነኩሴ ሳይቀር በዓቱን ለእንግዳ ይከፍት ነበርና። ራሱ ማር ይስሐቅም የሚራራ ልብ ምን እንደ ሆነ ሲያስተምር፣ ስለ ፍጥረት ሁሉ፣ ስለ አራዊትና ስለ አጋንንት እንኳ የሚቃጠል ልብ ነው ማለቱን መነኮሳቱ ሁሉ ያውቁታል።

ስለዚህ ወደ አብርሃም ቤት ደግመን ብንገባ፣ የዚያን ቤት መስተንግዶ የሚፈትነው ከሦስቱ እንግዶች ይልቅ አጋር ናት። አጋር ከግብጽ የመጣች የሣራ አገልጋይ ነበረች፤ መከራ ሲጸናባት ጠፋች፣ በምንጭ አጠገብ መልአኩ አግኝቶ ወደ እመቤቷ መለሳት፣ በኋላም ያ የእንግዶች አባት እንጀራና አቁማዳ ውሃ አሸክሞ ወደ በረሃ አሰናበታት። በእስልምና ትረካ ደግሞ ውሃ ፍለጋ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ የሮጠችው እርሷ ናት፤ በየዓመቱ ወደ መካ የሚሄደው ሐጃጅ ሁሉ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ የዚያችን አገልጋይ ሩጫ ይደግማል። አንድ ሃይማኖት ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ሊሰጥ አይችልም ብዬ አምናለሁ። ይህን ሥርዓት የሚፈጽም ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሰው ጠፋብኝ ብሎ ለፖሊስ ከማመልከቱ አስቀድሞ የጠፋችው ለምን እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባው ነበር።

በእርግጥ ሕጉ ከቆመበት አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳዑዲ ደንብ ለቤት ሠራተኛ ተስማሚ ማደሪያ፣ በቀን ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት ዕረፍትና በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲሰጣት አዝዞ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ፈቃድ የሌላቸው ተብለው ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ቦሌ ተመልሰዋል። በማርች 2021 በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ለብዙ የግል ድርጅት ሠራተኞች ያለ ቀድሞ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ የመለወጥን መብት ሲሰጥ፣ የቤት ሠራተኞችን ከዚህ አስቀርቷቸዋል። የኮርኒሹ ምንጣፍ ጠርዝ በሕግም የተሠመረ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ግን ፍርዱ ይቀለው ዘንድ አይገባም። እኛም እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑን አስጊጠን፣ አልጋችንን ለቀን፣ የምናስተኛ ሕዝብ ነን፤ ከጎጃም ወይም ከወላይታ ያመጣናት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የምትተኛው ከማድ ቤቱ ወለል ላይ ነው፣ የአገሯ ሰው ሊጠይቃት ቢመጣም የምታነጋግረው ከበር ውጭ ቆማ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር የሚኖር እንደ ሆነ፣ አሠሪው ስለ መኖሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሥራውና ስለ ዕረፍቱ ጊዜ ለጤናው የሚገባውን ሁሉ እንዲያደርግለት ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በሰው ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠሩትን ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ ጉዳያቸውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲታይ አስተላልፎታል።